ከገና በኋላ በሁሩታ ብርድ

አዳማ ተወልዶ ያደገ ሰው ስለ ብርድ ሲያወራ ማንም አያምነውም፤ ባያምኑትም አልፈርድባቸውም። እኛ ከተማ ብርድ ማለት ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ጎህ ሲቀድ ብቅ ብሎ፣ ሹራባችንን ለብሰን ሳንጨርስ በፀሐይ የሚባረር እንግዳ ነው። ጠዋት ጠዋት አብረውኝ ወክ የሚያደርጉት ጓደኞቼ በዚያች አጭር ጊዜ «ውይ፣ ዘንድሮስ ጉድ ነው!» እያሉ እጃቸውን ሲያፋትጉ ብታዩ ትልቅ ተራራ ላይ ያደሩ ይመስላችኋል። እኔም ከእነሱ አንዱ ነበርኩ። ዘንድሮ ግን ገና ባለፈ ማግስት ተነሥቼ ሁሩታ ሄጄ መጣሁ፤ አሁን ብርድ ሲነሣ ከእኔ በፊት የሚናገር ሰው አልወድም።

ከእናንተ ብዙዎቻችሁ ሁሩታን አታውቋትም። በአሰላ መንገድ የምትገኝ የአርሲ ከተማ ናት። ስንዴና ገብስ እንጂ ለጎብኚ የሚሆን ነገር የላትም፤ ስለዚህ ወደዚያ የሚወስዳችሁ ጉዳይ ላይገጥማችሁ ይችላል። እኔን የወሰደኝ ጀማል ነው።

ጀማልና እኔ በወጣትነታችን ሁሩታ አብረን አስተምረናል፤ እኔ ጂኦግራፊ፣ እሱ ስፖርት። እኔ ብርዱን ሸሽቼ በዝውውር አዳማ ተመለስኩ። እሱ እዚያው አግብቶ፣ ወልዶ፣ ጡረታ ወጣ። ጡረታ ወጥቶም ጠዋት ጠዋት መሮጡን አልተወም ነበር። ጥቅምት ላይ ግን ስትሮክ መታውና ግራ ጎኑ አልታዘዝ አለው። አዳማ አምጥተው አሳከሙት፤ ከሆስፒታል ሲወጣም ጥቂት ጊዜ እኛ ቤት ተቀመጠ። ሐኪሙ ሲያሰናብተው አጠገቡ ነበርኩ። «ይሄ እግር አሁን እንደ ሕፃን እግር ነው፤ መራመድ እንደ አዲስ ይማራል» አለው። «የሚማረው ግን በእነዚህ በሚመጡት ወራት ነው። በየቀኑ ከቤት ወጥተህ ካልሄድክበት ደርቆ ይቀራል።» ጀማል እንደ ጎበዝ ተማሪ «እሺ፣ እሺ» ብሎ አገሩ ገባ፤ ከዚያ በኋላ ከግቢው በር አልወጣም።

ኅዳር ላይ ደውዬ «መቼ ነው የምትጀምረው?» አልኩት። መስመሩ ይቆራረጣል። «ገና መጥቶ ይለፍ፣ ከዚያ እጀምራለሁ» አለኝ። ጥሩ ቀጠሮ ነው ብዬ ስልኩን ዘጋሁት። ባለቤቴን ግን ነገሩ አልጣማትም።

«ጀማል ሙስሊም አይደል እንዴ? በገና ምን አገባው?» አለች።

«ለእኔ አስቦ ነዋ! ጾሜን ልፈታ፣ በዓሌን ልውል ብሎ ነው» አልኳት። ሁሩታ ያስተማርኩ ሰው ነኝና፣ ስለዚያ አገር ሰው ጠባይ ከእኔ በላይ የሚያውቅ አዳማ ውስጥ የለም ብዬ አምን ነበር።

ሐሙስ

መናኸሪያ የደረስኩት በጠዋት ነው፤ ሚኒባሱ ሞልቶ የወጣው ግን ፀሐይዋ ከረር ስትል ነው። በአንድ እጄ ለጀማል የገዛሁትን የስፖርት ጫማ፣ በሌላው የራሴን ትንሽ ሻንጣ ይዣለሁ። ሻንጣው ውስጥ አዳማ ላይ «የብርድ» የምንለው ስስ ቱታና አንድ ጃኬት አለ። ባለቤቴ ጋቢ ያዝ ብላኝ ነበር። ስፖርት ልሠራ ነው እንጂ ለቅሶ ልደርስ አይደለም ብዬ ተውኩት።

መልካሳ ላይ ሾፌሩ ለአፍታ ሲቆም በመስኮት ሁለት ትልልቅ ፓፓያ ገዛሁ። ሙቀቱ ሸሚዜን ከወንበሩ ጋር አጣብቆታል። መስኮቱን ገርበብ አድርጌ ትንሽ አየር እንዳገኘሁ፣ ከኋላዬ የተቀመጡ አንዲት እናት ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ስበው «ኧረ ዝጉልኝ! ንፋስ ሊመታኝ ነው!» አሉ። ረዳቱ ዘጋው። ጥቂት ቆይቼ በስሱ ከፈትኩት። እሳቸው በእጃቸው ትከሻዬን ነካ አድርገው፣ «የኔ ጌታ፣ ሙቀት ማንን ገደለ? ሰው የሚጨርሰው ንፋስ ነው» አሉኝ። መላው መኪና በእሳቸው ወገን ስለነበር ዘጋሁት። መልካሳ ሙቀት ላይ እንዲህ ካሉ ሁሩታ ላይ ምን ሊሉ ነው ብዬ ሳስብ፣ ስለ ጀማል ጉዳይ ትንሽ ሰጋሁ።

ዴራን አልፈን መንገዱ ሽቅብ ሲል አየሩ ባንዴ ተለወጠ። አሁን መስኮት ዝጉ የሚል አላስፈለገም፤ የኔንም የዘጋሁት ራሴ ነኝ። መንገድ ላይ አንድ ሰው ጆንያ ሙሉ ሽንኩርት ይዞ ገባና ረዳቱ «ለትንሽ ነው ፋዘር» ብሎ ጆንያውን እግሬ ሥር ወተፈው። ፓፓያዎቹ እግሬ ሥር እንደነበሩ ትዝ ያለኝ እርጥቡ ካልሲዬ ውስጥ ሲገባ ነው። ሁሩታ ስወርድ ሱሪዬ እስከ ጉልበቴ ፓፓያ ሆኗል፤ ብርዱም እርጥብ ቦታ ፈልጎ የሚይዝ ይመስል መጀመሪያ የያዘኝ እዚያው ላይ ነው።

ከመናኸሪያ እስከ ጀማል ቤት በጋሪ ሄድኩ። እኛ ጋ ባጃጅ እንደ ዝንብ ይርመሰመሳል፤ እዚህ ግን የፈረሱ ኮቴ አሁንም ከባጃጁ ድምፅ በላይ ይሰማል። በየግቢው የገለባ ክምር ተቆልሏል። የጀማል ሚስት ዘይነባ በሩ ላይ ተቀበለችኝ።

«ጋሽ መኮንን! እንኳን ደህና መጡ! ምነው ሱሪዎ?»

የተጨፈለቀውን ፓፓያ ሳሳያት አልሳቀችብኝም። «እንዲህ ሲሆን ነው የሚጣፍጠው» ብላ ተቀበለችኝና፣ እውነትም ደህና ደህናውን መርጣ በሳህን አቀረበችው። ሱሪዬንም ሳልጠይቃት አጥባ ሰቀለችልኝ።

ጀማል ያለበት ክፍል ስገባ አዳማን ለቅቄ ተመልሼ አዳማ የገባሁ መሰለኝ። መስኮቱ ተዘግቶ፣ በመስኮቱ ላይ መጋረጃ፣ በመጋረጃው ላይ ብርድ ልብስ ተደርጓል። መሐል ላይ ከሰል ይነዳል። ጀማል ጋቢ ለብሶ፣ የሱፍ ኮፍያ አድርጎ ተቀምጧል። ያ ውርጭ ላይ በቁምጣ ቆሞ ተማሪ የሚያስሮጥ ሰውዬ! እንደ ድሮው «ቲቸር!» ብሎ ሲስቅ ግን ያው ጀማል ነው። ተቃቅፈን ቆየን። ግራ እጁ ጀርባዬ ላይ አልደረሰም።

እራት ዶሮ ነበር። ዘይነባ እኔ እንድበላው ብላ ዶሮዋን በጠዋት ለክርስቲያን ጎረቤቷ ሰጥታ አሳርዳዋለች። ለራሳቸው ሌላ ሠርታለች። እንዲህ ያለ ነገር በሆቴል አይገኝም። ከበላን በኋላ ጫማውን አውጥቼ «በል፣ ገናም አለፈ» አልኩት። ጀማል ጫማውን አገላብጦ አየና «አዎ፣ እንኳን አደረሰህ» አለኝ። ተስማምተናል ብዬ ተኛሁ።

ዓርብ

ገና ሳይነጋ ቱታዬን ለብሼ ጀማልን ልቀሰቅሰው ሄድኩ። ሦስት ብርድ ልብስ ሥር ነው ያለው። «ቆይ፣ ትንሽ ይሙቅ» አለኝ። አርአያ ልሁነው ብዬ ብቻዬን ወጣሁ።

እንዲህ ያለውን ብርድ በምን ልንገራችሁ? አዳማ ላይ ጠዋት ስንሄድ ፊታችንን የሚመታን አቧራ ነው፤ እዚህ አየሩ ራሱ ጥርስ አለው። የታጨደው የስንዴ ማሳ ላይ ጤዛው ነጭ ሆኖ ደርቋል። ጆሮዬ መጀመሪያ አመመኝ፣ ከዚያ የት እንዳለ ጠፋኝ። እንዲሞቀኝ ብዬ ሮጥኩ። ያ ደግሞ ትልቅ ስሕተት ነው፤ በአፌ የሳብኩት ብርድ ደረቴን እንደ ሚጥሚጣ አቃጠለው። እንባዬ ይወርዳል፣ አፍንጫዬም ይወርዳል። ወደ ቤት ተመልሼ የጫማዬን ክር ልፈታ ብሞክር ጣቶቼ እሺ አላሉኝም፤ በረንዳው ላይ ቁጭ ብዬ ክሩን እያየሁት ቀረሁ።

ዘይነባ ለብ ያለ ውኃ በሳፋ አምጥታ «እጅዎን ይንከሩት» አለችኝ። ከዚያ አጠገቤ ተቀመጠች። «እሱም እንዲህ ነበር» አለች። «ሮጦ አልቦት መጣ። እዚህች በር ላይ ከሰው ጋር ወሬ ይዞ ቆመ፤ ላቡ ላይ ብርድ መታው። በነጋታው ወደቀ። ጋሽ መኮንን፣ አሁን እርስዎ ደግሞ ያንኑ ብርድ ሊመልሱበት ነው የመጡት?»

ስትሮክ ከደም ግፊት እንደሚመጣ ልነግራት ፈልጌ ነበር። ዓይኗን ሳይ ተውኩት። ፈርታለች። ስትፈራ ደግሞ ያላትን ብርድ ልብስ ሁሉ መስኮት ላይ ሰቅላለች፤ ሌላ ምን ታድርግ?

ገብቼ ጀማልን ያዝኩት። «ሰውዬ፣ ቀጠሮ ቀጠሮ ነው። ገና ካለፈ በኋላ እጀምራለሁ ብለኸኛል።»

«ገና? እኔን በገና ምን አገባኝ?»

ባለቤቴ ትዝ አለችኝ። «ኅዳር ላይ ስደውል፣ ገና መጥቶ ይለፍ አላልከኝም?»

«ገና መቼ አልኩህ? ጋና ነው ያልኩህ! ጋና! ክረምቱን!»

ለማታውቁት ልንገራችሁ፤ በኦሮምኛ ክረምት «ጋና» ነው። የእኛ ከተሞች ሰው ሁለቱን ቋንቋ እየቀላቀለ ያወራል። ጀማልም የሚቀጥለው ክረምት መጥቶ ሲያልፍ፣ ማለትም መስከረም ላይ እጀምራለሁ ነው ያለኝ። እኔ ደግሞ የምወደውን በዓል ሰምቼ፣ ዶሮዬን በልቼ፣ በዓመቱ ብርድ ጫፍ ላይ ጫማ ይዤ ከተፍ አልኩ።

«ስንት ዘመን ነው ሁሩታ የኖርከው?» አለኝ እየሳቀ።

«እኔ ያስተማርኩት ጂኦግራፊ እንጂ ኦሮምኛ አይደለም!»

«ጂኦግራፊ አስተምረህ ክረምት አታውቅም?»

እዚህ ላይ ሁለታችንም በሳቅ አለቅን። ዘይነባ ምን መጣ ብላ ሮጣ ገባች። ስንነግራትም ሳቀች፤ ከታመመ ወዲህ እሱ እንዲህ ሲስቅ መስማቷ ስለሆነ፣ ሳቋ መሐል ዓይኗን በሻሿ ጫፍ ጠረገች።

ሳቁ ሲበርድ ግን ነገሩ ገባኝ። መስከረም ማለት ሐኪሙ የነገረው ወራት ሁሉ አልቀው ማለት ነው። ጫማው ጥግ ላይ እንደተቀመጠ እግሩ ይደርቃል።

ምሳ ላይ ዘይነባ ሽሮና ተልባ አቀረበችልኝ። ዓርብ መሆኑን እኔ ረስቼው ነበር፤ እሷ አልረሳችም። ጀማል ለጁምዓ መስጊድ አልሄደም፤ ወንበር ላይ ተቀምጦ ቤቱ ሰገደ። ከሰዓት በኋላ እሷ ለቅሶ ለመድረስ ስትወጣ ሁለታችን ቀረን። እሱ ግድግዳውን እያየ ተናገረ።

«ብርዱ አይደለም፣ መኮንን። ብርዱን እሷ ነች የምትፈራው።»

«ታዲያ አንተስ?»

«እዚህ ከተማ እኔ ያላስሮጥኩት ሰው አለ? ባንክ ብትገባ ተማሪዬ፣ ፖሊሱ ተማሪዬ፣ ባለ ወፍጮው ተማሪዬ። አንድ እግሩን ጎተት ያደረገውን ልጅ ሁሉ ስጮኽበት ኖሬ አሁን እኔ እግሬን እየጎተትኩ ይዩኝ? እስከ መስከረም ይሻለኝ ይሆናል ብዬ ነው።»

ሲመሽ አብረን ሬዲዮ ሰማን።

ቅዳሜ

በማግስቱ ስወጣ ልብ ገዝቼ ነበር። ቱታዬ ላይ ሹራብ፣ ሹራቡ ላይ ጃኬት፣ በዚያ ላይ ዘይነባ የሰጠችኝ የጀማል ጋቢ። ጋቢውን እንደ አገሩ ሰው ራሴ ላይ ጠምጥሜ፣ አፍና አፍንጫዬን ሸፍኜ፣ ዓይኔን ብቻ አስቀረሁ። ቀስ ብዬ ጀመርኩ፤ በአፍንጫዬ ተነፈስኩ። ይህን ሁሉ ጀማል ድሮ ለተማሪዎች ሲናገር ሰምቼዋለሁ። እውነት ለመናገር ደስ አለኝ። ሰውነቴ ከውስጥ እየሞቀ ፊቴን ብርድ ሲነካኝ፣ አዳማ ላይ በላብ ስጠመቅ አግኝቼው የማላውቀው ንቃት ተሰማኝ።

ወፍጮ ቤቱ አካባቢ አንድ ሽማግሌ፣ እንደ እኔው ተጀቡነው፣ በቅሎ እየነዱ ከፊቴ መጡ። «አካም ቡልቴ!» አሉኝ። እኔም ደህና አድሬያለሁ ለማለት «ነጋ!» አልኩ። መንገዳቸውን ይቀጥላሉ ስል ቆሙ። ስለ ልጆቼ ጠየቁኝ፣ ስለ በቅሎዬ ጠየቁኝ፣ ስለ አውድማዬ ጠየቁኝ። በቅሎም አውድማም የለኝም፤ ግን ሁሉም ደህና ነው አልኩ። ትከሻዬን መታ መታ አድርገው ሄዱ። ሌላ ሰው አድርገውኛል!

እዚያው ቆሜ መንገዱን አየሁት። ወደ ገበያ የሚሄደው፣ ከመስጊድ የሚመለሰው፣ ወደ ማሳ የሚወርደው፣ ሁሉም ጋቢና ብርድ ልብስ ውስጥ ነው። ዓይን ብቻ ይታያል። ግማሹ በብርዱ ተኮማትሮ ጎበጥ ብሎ ይሄዳል፤ አንዳንዱ ያነክሳል። ማን ማንን ያያል? መስከረም ላይ ግን ፀሐይ ወጥታ፣ ሰው ሁሉ ፊቱን ገልጦ፣ በረንዳ በረንዳው ላይ ተቀምጦ የሚያልፈውን ይቆጥራል። ጀማል መደበቅ ከፈለገ ከዚህ ብርድ የተሻለ መደበቂያ በዓመቱ ውስጥ የለውም።

ሳልሮጥ አልቀረሁም ወደ ቤት። ዘይነባ እንዳትሰማ ጆሮው ላይ ነገርኩት። መጀመሪያ የጠየቀኝ ስለ ሽማግሌው ነው። በቅሎና አውድማ ስለው ገባው። «ጎረቤታችንን ቱፋን ነው ያደረጉህ! ቱፋ እኮ ካንተ በክንድ ይረዝማል!» ብሎ ሆዱን ያዘ። ከዚያ ሳቁን አቆመና መስኮቱ ላይ የተሰቀለውን ብርድ ልብስ አየ።

«ዓይን ብቻ?» አለ።

«ዓይን ብቻ። ግን አሁን ነው፤ ፀሐይ ከወጣች ሰው ጋቢውን ያወርዳል።»

ዘይነባን ያናገራት እሱ ነው፤ በኦሮምኛ፣ ዝግ ባለ ድምፅ። ሰምታው ስትጨርስ ተነሥታ ራሷ አለበሰችው። ሁለት ሹራብ፣ የሱፍ ኮፍያ፣ ሻርፕ፣ ጋቢ። ጫማውን እሷ አሰረችለት። ደረቅ ሸሚዝ በፌስታል አድርጋ ለእኔ ሰጠችኝና፣ «ላቡ ሳይደርቅ የትም እንዳትቆሙ። ወሬ የለም። ሰው ሰላም ቢላችሁም እየሄዳችሁ ነው የምትመልሱት» አለች። በዚህ ነገር ከየትኛውም የስፖርት መምህር ጋር ትስማማለች፤ ጀማልም «ትክክል» አላት።

በቀኙ ምርኩዙን ይዞ፣ ግራ ክንዱን ክንዴ ላይ አድርጎ ወጣን። ግራ እግሩ ወደ ውጪ እየዞረ ይመጣል፤ አዲሱ ጫማ አቧራው ላይ መስመር ይተዋል። መጀመሪያ ላይ ሰው ባለፈ ቁጥር ወደ እኔ ይጠጋ ነበር። «አካም ቡልቱ!» እያሉ አለፉን፤ ማንም ዞር ብሎ አላየም። ሦስተኛው ሰው ላይ ጀማል ድምፁን እንደ ሽማግሌ አጎርንኖ መለሰ። አራተኛው ላይ አስነጠሰና ሳቀ። «ይሄኛው ደግሞ መቶ ሜትር ላይ ያስለቀስኩት ነው» አለኝ በጋቢው ውስጥ። ወፍጮ ቤቱ ደርሰን ተመለስን። ሁለት ጊዜ ልንወድቅ ነበር፤ አንዱ በእኔ ጥፋት ነው፣ ጋቢዬን ረገጥኩት።

ስንመለስ ዘይነባ እጇን በሹራቡ ሥር ሰድዳ ጀርባውን ዳሰሰች። «አልቦታል» አለች ፈርታ። ሸሚዙን ቀየረችለትና ገንፎ በቅቤ አቀረበች። ሁለታችንም ሳህናችንን ጠርገን በላን። ያን ቀን ከሰዓት መስኮቱ ላይ ያለው ብርድ ልብስ ወርዶ ነበር፤ ማን እንዳወረደው አልጠየቅኩም።

እሑድ

ቤተ ክርስቲያን መሳለም ነበረብኝ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝና በኋላ እሄዳለሁ ብዬ አስተላለፍኩት። ጀማል ከእኔ ቀድሞ ተነሥቶ፣ ጫማውን አጥልቆ ይጠብቀኛል። «ዛሬ በሜዳው በኩል» አለ።

ሜዳው ጋ ስንደርስ ማስ ስፖርት የሚሠሩ ሰዎች ተሰብስበዋል። አዳማ ላይ እንዲህ ያለው ነገር በሙዚቃና በድምፅ ማጉያ ነው፤ እዚህ ግን አንድ ሰው እጁን እያጨበጨበ ይቆጥራል። መሪው ገመቹ የሚባል የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ ጀማል ሹክ አለኝ፣ እሱም ተማሪው ነበር። ሰዎቹ ጃኬታቸውን ባንዴ አውልቀው ሣሩ ላይ ጥለዋል። ገመቹ «በሉ!» ሲል ከቆሙበት መዝለል ጀመሩ፤ ከዚያ ወገባቸውን እጥፍ አድርገው የእግር ጣታቸውን ሊነኩ ታገሉ። በዚያ ብርድ፣ ገና ከአልጋ በወረደ ሰውነት!

ጀማል ቆመ። «እንሂድ፣ ዘይነባ አትቁሙ ብላለች» አልኩት። አልሰማኝም። «ሳይሞቁ...» ይላል ለራሱ። «ጅማታቸው ሊበጠስ ነው እኮ... ልብሱንስ ማን አውልቁ አላቸው...» አንድ ወፍራም ሰውዬ ጎንበስ እንዳሉ ወገባቸውን ይዘው «እህ!» አሉ። በዚህ ጊዜ ጀማል ጋቢውን ከፊቱ ላይ ገፎ ጣለው።

«ዲሳ! ዲሳ!» ብሎ ጮኸ። ተዉ ማለቱ ነው። «ልብሳችሁን ልበሱ! ሳትሞቁ ማን ጎንበስ በሉ አላችሁ?»

ድምፁ ያው የድሮው ነበር። ሁሉም ዞረው አዩት፤ ምርኩዙን፣ የተንጋደደውን እግሩን፣ የተከፈተውን ፊቱን። ጀማል ምን እንዳደረገ የገባው ያኔ ነው። ጋቢውን ለማንሣት እጁ ወደ ላይ ተንቀሳቀሰና መሐል ላይ ቀረ። እኔ የምገባበት ጠፋኝ።

ገመቹ ወደ እኛ ሮጦ መጣ። ሁለት እጁን ዘርግቶ የጀማልን እጅ ጨበጠና ትከሻውን ሳመው። «ቲቸር» አለው። «እኔ እኮ ቁጥሩን ብቻ ነው ከእርስዎ የተማርኩት። ይምጡ፣ ያሙቁን።»

ሰዎቹ ጃኬታቸውን ለብሰው ተሰለፉ። ጀማል ከፊታቸው ቆመ፤ እኔ እንዳይወድቅ ከኋላው ሆንኩ። በቦታቸው እንዲራመዱ አደረገ። ትከሻ አዟዟረ። «በአፍንጫ!» እያለ ነበር። ከዚያ «ቀኝ እግር፣ ጉልበት ወደ ላይ» አለና፣ ምርኩዙን ተደግፎ ቀኝ እግሩን ከፍ አደረገ። ሰልፉ ሁሉ ከፍ አደረገ። «ግራ» አለ። ግራ እግሩን ለማንሣት ታገለ፤ ጫማው ከሣሩ ላይ አንድ ስንዝር እንኳ አልተነሣም። ከፊቱ ያሉት ሰዎች፣ ሽማግሌውም ጎረምሳውም፣ ግራ እግራቸውን ያንኑ ያህል ብቻ አነሡ። መምህሩ ያደረገውን መድገም ነው ብለው ይሁን ወይም አዝነውለት፣ እስካሁን አላውቅም። ጀማል ግን ቆጠረ። «ድገም» አለ። እኔ ከኋላው ሆኜ አለቀስኩ፤ በዚያ ብርድ የሰው ሁሉ ዓይን ስለሚያነባ ማንም ልብ አላለኝም።

ዘይነባ ወሬውን የሰማችው እኛ ገና ቤት ሳንደርስ ነው። በር ላይ ቆማ ጠበቀችን። ፊቱን ገልጦ ሲመጣ ስታየው ልትቆጣ አፏን ከፈተችና ተወችው። «ሸሚዝ» አለ ጀማል። ደረቁን ሸሚዝ በእጇ ይዛው ነበር።

ሰኞ

በዚያ አገር ወግ እንግዳ ከበር አይሸኝም፤ ቢያንስ እስከ መንገዱ ድረስ አብረውት ይሄዳሉ። ጀማል ከታመመ ወዲህ የመጣውን እንግዳ ሁሉ ከወንበሩ ሆኖ «እግሬ ነው፣ ይቅርታ» እያለ ነው የሚሰናበተው፤ ዘይነባ ነች የነገረችኝ። ሰኞ ረፋዱ ላይ ሻንጣዬን ስይዝ እሷ ባጃጅ ጠርታ ነበር። አንድ ፌስታል ሙሉ ጭኮ ቋጥራልኛለች፤ ገብሱንና ቅቤውን ባለቤቴ እስከ ዛሬ ታመሰግናለች።

«ባጃጁን መልሺው። እኔ ነኝ የምሸኘው» አለ ጀማል።

ፀሐይ ወጥታለች። ሁሩታ ጋቢዋን አውልቃ በረንዳው ላይ ተቀምጣለች። ጀማል የራሱን ጋቢ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ ፊቱን ገልጦ፣ ምርኩዙን ይዞ ወጣ። ክንዴን አልያዘም። ሻንጣዬ እጄ ላይ ነው፤ ከጎኑ እሄዳለሁ። ሰው ሁሉ ያየዋል። ባለ ወፍጮው ሰላም አለው፣ ቆመ። ፖሊሱ ሰላም አለው፣ ቆመ። እንደ አዳማ «ሰላም ነው?» ተባብሎ ማለፍ እዚህ የለም፤ ልጆች፣ ከብት፣ እህል፣ ጎረቤት፣ ሁሉም ደህና መሆናቸው ይረጋገጣል። አንዱ ስለ እግሩ ሲጠይቀው «እየተማረ ነው» አለው።

መናኸሪያው በር ላይ ስንደርስ የአዳማው ሚኒባስ ሞልቶ በፊታችን ወጣ። ረዳቱ በመስኮት እጁን አወዛወዘልን።

«በእኔ ምክንያት አመለጠህ» አለ ጀማል፤ ላቡን በጋቢው ጫፍ እየጠረገ።

«አዎ፣ በአንተ ምክንያት ነው» አልኩት።

ሌላ ሚኒባስ መጫን ጀምሮ ነበር። ከዚያ በፊት መኪና ሲያመልጠኝ ቀኑን ሙሉ ስነጫነጭ የምውል ሰው ነኝ። ያን ቀን ግን ከጀማል ጎን፣ በእሱ እርምጃ ልክ፣ ሁለተኛውም እንዲያመልጠኝ ቀስ እያልኩ ሄድኩ።